የጋሊብ ፊት

ጋሊብ መቁጠሪያውን ከቧንቧው በላይ ባለው ጠርዝ ላይ አኖረና እጅጌውን ሰበሰበ።

የቀትር አዛን አብቅቷል። የግመል ገበያው ጸጥ ብሏል። ሻጩም ደላላውም ወደ መስጊዱ ገብቷል፤ ከመጠለያው ሥር ግመሎቹ ብቻ ያመሰኳሉ። በመታጠቢያው ረድፍ ላይ ከጋሊብ ጎን የቀረው አንድ ወፍራም የመኖ ነጋዴ ነው። እሱም መቁጠሪያውን አውልቆ ከጋሊብ መቁጠሪያ አጠገብ አስቀምጧል። ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ሰዎቹ አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ ፊታቸውን ታጠቡ፣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው አራሱ። አልተያዩም።

ነጋዴው ቀድሞ ጨረሰ። የጋሊብን መቁጠሪያ አንሥቶ ሄደ።

ጋሊብ እግሩን እያጠበ ጥቂት ቆየ። ከዚያ የቀረውን አነሣ። ከራሱ መቁጠሪያ ይልቅ ይከብድ ነበር። ጫፉ ላይ ባለው ብር ላይ የንጉሡ ግመሎች ጭናቸው ላይ የሚተኮሱት ምልክት ተቀርጿል፤ ጨረቃ፣ ከሥሯም አንዲት መስመር። በጁምራን መንግሥት ይህን ምልክት የማያውቅ ሰው የለም።

ቀና ሲል ሦስተኛ ሰው አየ።

ሰውየው ከረድፉ መጨረሻ ተቀምጦ እግሩን ያጥባል። ረጅም ነው፤ ልብሱ አዲስ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያጥበው። እግሩን የሚያጥብ ሰው ክንዱን ቀድሞ አርሷል። የውዱእ ሥርዓቱ ይህ ነው።

የሰውየው እጅጌ እስከ አንጓው ተቆልፏል። ደረቅ ነው።

ጋሊብ አልቸኮለም። ነጠላ ጫማውን ከመስጊዱ በር ላይ፣ ከሌሎቹ ጫማዎች ፊት፣ በደንብ በሚታይ ቦታ አወለቀ። ገባ፤ ከሰልፉ ተቀላቀለ፤ ሰገደ። ሶላቱ ሲያልቅ በሌላኛው በር፣ በሴቶቹ መግቢያ በኩል፣ ባዶ እግሩን ወጣ። መሬቱ እንደ ምጣድ ይፋጃል። በግመሎቹ መሃል አጎንብሶ እስከ መኪናው ሄደ። የሚከታተል ሰው ጫማ ይጠብቃል፤ ሰው ጫማውን ጥሎ በዚህ አሸዋ ላይ ይሄዳል ብሎ የሚያስብ የለም።

ከከተማው ሲወጣ ስልኩን አነሣ።

«ሲድር» አለ ከወዲያ ያለው ድምፅ በምስጢር ስሙ።

«ዓርፈጅ ነኝ» አለ ጋሊብም በራሱ የምስጢር ስም። «ዕቃው እጄ ገብቷል። ጥላ ነበረኝ።»

«የማን?»

«አላወቅሁትም። ክንዱን ሳያርስ እግሩን የሚያጥብ ነው።»

የስለላ ቢሮው አለቃ ኮሎኔል ዱኸይል ሳቀ። «እንግዲያው ሶላቱ ውድቅ ነው። አንተ መንገድህን ቀጥል።»

ጋሊብ የሚለውን ስም የሰጠው ይኸው ኮሎኔል ነው። ቢሮው በድርቁ ዘመን ከሐርሻን ጎሣ ተለይቶ ወደ ሰሜን የተሰደደ፣ ዘሩም የጠፋ አንድ ቤተሰብ አገኘ። ከዚያም በወደብ ከተማ ያደገውን ይህን ሰው የቤተሰቡ የመጨረሻ ልጅ አደረገው፤ ጋሊብ ቢን ሙስፊር አል-ሐርሻኒ። አነጋገራቸውን ተማረ፤ ግመል ማሠልጠን ተማረ። ከዚያም የንጉሡ ወንድምና አልጋ ወራሽ የልዑል ዓዛም እሽቅድምድም ግመሎች ጠባቂ ሆኖ ገባ። ሥራው ማየትና መናገር ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት አየ፤ ሁለት ዓመት ተናገረ።

ንጉሡ ሲታመሙ ነገሩ ተለወጠ። የንጉሡ ልጅ፣ ልዑል ራካን፣ ዙፋኑን ለራሱ ፈለገ። በጁምራን ግን ዙፋን በአዋጅ ብቻ አይያዝም። አጎቱ በሕዝብ ፊት እጁን ይዘው በይዓ፣ ማለትም የታማኝነት ቃል፣ ካልሰጡት የበረሃው ጎሣዎች አይቀበሉትም። ልዑል ዓዛም ደግሞ ይህን አውቀው ከነቤተሰባቸው ወደ ገዲር በረሃ ወጥተዋል። ድንኳናቸውን የተከሉት በሐርሻኖች መሃል ነው። አልመለስም ብለዋል።

ኮሎኔሉ ጋሊብን ያስጠራው ባለፈው ሳምንት ነው። ንጉሡ ወንድማቸውን ማየት ይፈልጋሉ አለው። ይነጋገራሉ፤ ዓዛም ለወጣቱ ቢለቁ ይለቃሉ፤ ባይለቁም ምሳ በልተው ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤታቸው ይገባሉ። ካልመጡ ግን ራካን ጦሩን ወደ ገዲር ይልካል። ሴቶችና ሕፃናት እዚያ አሉ።

«መቁጠሪያውን ብቻ አይተው አይመጡም፤ ፊትህን ይጠይቁሃል» አለ ኮሎኔሉ። «ስጣቸው።»

«የማንን ፊት?»

«የጋሊብን። ጋሊብ የሚባል ሰው አለ እንዴ? ምንም አያስከፍለንም።»

አሁን ጋሊብ፣ ባዶ እግሩ ፍሬኑ ላይ እያቃጠለው፣ መኪናውን ይነዳል። አንድ ነገር ብቻ ያዘ። ልዑሉ ሄደው ከተመለሱ ድንኳኖቹ አይቃጠሉም።

ገዲር ሲደርስ ልዑል ዓዛም ከድንኳኑ ጥላ ሥር ተቀምጠው መርፌያቸውን ሆዳቸው ላይ ይወጋሉ። ስኳር አለባቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሆዳቸውም ትልቅ ነው፤ በሽታቸውንም እንደ ቀልድ ይናገሩታል። የጋሊብን ባዶ እግር አዩና ካለፈው እሽቅድምድም ጀምሮ ግመሎቻችን እየተሸነፉ ነው፣ አሁን ደግሞ ጫማህንም አስበላህ ብለው ቀለዱበት። ከጎናቸው የሐርሻን ሽማግሌ ሼኽ ጡራድ ተቀምጠዋል። የጋሊብን ግንባር ባዩ ጊዜ «ይህ የእኛ ግንባር ነው» ብለው በጎሣው ፊት የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ዛሬም ከሁሉ በፊት አፍንጫውን በአፍንጫቸው ነክተው ሰላም አሉትና ምሳ በልቶ እንደሆነ ጠየቁት።

ጋሊብ መቁጠሪያውን አውጥቶ በልዑሉ መዳፍ ላይ አኖረ።

ሼኽ ጡራድ ለማየት ተጠጉ።

መልእክቱን ተናገረ። የአክስቱ ልጅ በቤተ መንግሥቱ የፈረስ ጋጣ ይሠራል፤ ንጉሡ በገዛ እጃቸው ሰጡት፤ ወንድሜን ሳላይ እንዳልሞት አሉ። ልዑሉ የብሩን ምልክት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ንጉሡ ይህን መቁጠሪያ ከእጃቸው ለይተው አያውቁም። ሼኽ ጡራድ ስለ አክስቱ ልጅ ሁለት ሦስት ነገር ጠየቁ። ጋሊብ ሁሉንም መለሰ። ውሸቱ በጥንቃቄ የተሠራ ነበር።

ልዑሉ መቁጠሪያውን ጨበጡ። ከዚያ ሳያዩት ተናገሩ።

«ሚኒስትር ልከውብኛል። ዳኛ ልከውብኛል። ሁሉም በአላህ ማለልኝ። ፊቱን የሰጠኝ ግን አንድም የለም። መሐላን ድሃ አብልቶ በካፋራ ማስተሰረይ ይቻላል፤ ፊት ግን እስከ ልጅ ልጅ ድረስ ይከተላል።» ቀና አሉ። «አንተስ፣ ጋሊብ? በፊትህ ነኝ?»

ሁሉም አየው። እዚህ አገር አንድ ሰው «በፊቴ ነህ» ካለ በሰውየው ላይ የሚደርሰው ሁሉ በራሱ ላይ እንደ ደረሰ ነው። ከኋላው ጎሣው አለ።

ከመጋረጃው ጀርባ የልዑሉ ሚስት ድምፅ መጣ። በጉዳዩ ውስጥ መግባት አልፈልግም አለች፤ ነገር ግን ጋሊብ ሚስት አግብቶ እንደሆነ ጠየቀች።

ወንዶቹ አላገባም አሏት።

«ልጅ የሌለው ሰው ፊቱን ለመስጠት ይቸኩላል» አለች። «ይህን ብቻ ነው የምለው።»

ወንዶቹ ሳቁ። ሼኽ ጡራድም ሳቁ፤ እሱ ልጅ ባይኖረው እኛ አለን አሏት። ጋሊብ ግን አልሳቀም። ድንኳኖቹን አሰበ። ጦሩን አሰበ። ምሳ ብቻ ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ።

«ከዚህ እስከዚያ፣ ከዚያም እስከዚህ፣ በፊቴ ነዎት፣ አቡ ሰጣም» አለ፣ ልዑሉን በበኩር ልጃቸው ስም ጠርቶ።

«ከፊቱ ኋላ ሐርሻን አለ» አሉ ሼኽ ጡራድ።

በቃ። ከዚህ በኋላ የተጠየቀ ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ጠባቂዎቹ መኪናቸውን አስነሥተው ሲጠብቁ ልዑሉ መለሷቸው። ሽጉጣቸውንም ከወገባቸው ፈትተው ለሼኽ ጡራድ ሰጡ። በሰው ፊት ውስጥ ያለ ሰው መሣሪያ ይዞ አይሄድም፤ ዋሱን አላመንሁህም ማለት ነው። ጋሊብ ጠባቂዎቹ እንዲከተሉ ሊለምን ፈለገ። ቢለምን ግን ፊቱን ራሱ እንደ ናቀ ይቆጠራል፤ ዋስ የሆነ ሰው ጠባቂ አይጠይቅም። ልዑሉን ባዶ እጃቸውን ያስወጣቸው ማነው? ኮሎኔሉ ነው? ወይስ እነዚህ ሰዎች ራሳቸው?

ልዑሉ መኪናውን ራሳቸው ነዱ። መቁጠሪያውን ከመስታወቱ ላይ ሰቅለውታል። ስለ ግመል ያወራሉ። አንዲቱ ሴት ግመል ጠዋት ጠዋት የምትነጫነጨው ተንኮለኛ ስለሆነች ነው ወይስ ጥርሷን ስላመማት ነው? ጋሊብ ጥርሷ ነው አለ። ልዑሉ አይደለም፣ ሚስቴም እንደዚያ ናት፣ ጥርሷ ግን ደህና ነው አሉ። ፀሐይዋ እየወጣች በፊት መስታወቱ በኩል ገባች። መቁጠሪያው ሞቀ።

ሽታው ያን ጊዜ መጣ።

መጀመሪያ ጋሊብ ከመኪናው ማቀዝቀዣ መሰለው። ቀዝቃዛ፣ የሚሰነፍጥ፣ ንጹሕ ሽታ ነው። በድንኳኑ ውስጥ ጭሱና የግመሉ ጠረን ሸፍነውት ነበር። አሁን በተዘጋ መኪና ውስጥ ከያንዳንዱ ፍሬ ይወጣል። ይህን ሽታ አባቱ የሞተ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ካፉር። ሬሳ የሚታጠብበት።

ልዑል ዓዛም ወሬያቸውን አቆሙ። መኪናውን ከመንገዱ ዳር አወጡና አቆሙት። መቁጠሪያውን አውርደው አፍንጫቸው ሥር ያዙት።

«ወንድሜን አጥበውታል» አሉ።

ጋሊብ ይህን አያውቅም ነበር።

ንጉሡ ሞተዋል። መቁጠሪያውን የላኩት ንጉሡ አይደሉም፤ ካጠቧቸው ሰዎች አንዱ ነው ከአልጋው ጎን ያነሣው። እንግዲህ ጥሪ የለም። ምሳ የለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚባልም ነገር የለም። ኮሎኔሉ ለልዑሉ የዋሸውን ያህል ለእሱም ዋሽቷል። ምናልባት በመታጠቢያው ረድፍ ላይ የነበረውም ሰው የኮሎኔሉ ነው፤ ወደ ገዲር መሄዱን የሚያረጋግጥ።

«ይመለሱ፣ አቡ ሰጣም» አለ። «እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ። ይመለሱ።»

«አታውቅም ነበር?»

«በአላህ አላውቅም ነበር።»

ልዑሉ አዩት፤ አመኑት። ይህም ከሁሉ የከፋው ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለልጅ እንደሚያስረዱ፣ ነገሩን አስረዱት። እዚህ መንገድ ላይ ቢመለሱ ዓዛም የሐርሻንን ፊት አሸዋ ላይ ጣለው ይባላል። ሚስታቸውና ልጆቻቸው በሐርሻኖች መሃል ተቀምጠዋል። ፊቱ የተጣለበት ጎሣ ደግሞ የማንንም ድንኳን አይጠብቅም። ወንድማቸውንም ገና አልቀበሩም፤ አንድ እፍኝ አፈር ዕዳ አለባቸው።

«ፊት ከሰጡ በኋላ አይመለስም፣ ልጄ። አንተም ብትፈልግ አትችልም። ጋሊብ ነህ፤ ከኋላህ ሰው አለ።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። እኔ ጋሊብ አይደለሁም። ሐርሻን አይደለሁም። ይህን ቢል የተሰጠ ፊት የለም፤ የተሰደበ ጎሣም የለም። ልዑሉ መኪናውን አዙረው ያለ ነውር ወደ ልጆቻቸው ይመለሳሉ። በዚህ ዓለም ላይ ልዑል ዓዛምን ነፃ ሊያወጣ የሚችለው ይህ አንድ እውነት ብቻ ነበር፤ እሱም በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ነው።

«አቡ ሰጣም፣ እኔ...»

ከደረቱ ኪስ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ማየት አላስፈለገውም። በኋላ መስታወቱ ላይ አቧራ ተነሥቷል። ሁለት የጦር መኪናዎች። ከፊትም፣ ከኮረብታው ጥግ፣ ሌሎች ሁለት።

አሁን ቢናገር ልዑሉ መኪናውን ያዞራሉ።

ቢያዞሩ ወታደሮቹ ይተኩሳሉ።

አፉን ዘጋ።

«ምን ልትል ነበር?» አሉ ልዑሉ።

«ምንም።»

«እንግዲያው መስኮቱን ክፈት። በዚህ ሽታ ውስጥ ሆኖ መንዳት አይቻልም።» መኪናውን አስነሡ።

ቤተ መንግሥቱ በር ላይ ካባ የለበሱ ሰዎች ተሰልፈው ተቀበሏቸው። ሁሉም የልዑሉን ትከሻ ሳሙ፤ ሁሉም ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። ልዑሉ ቁልፉን ለጋሊብ ጣሉለት።

«ጥላ ውስጥ አቁማት» አሉ። «ስንመለስ ወንበሩ እንዳያቃጥለን።»

ገቡ። ዞረው አላዩም።

ጋሊብ መኪናዋን ከቴምሩ ዛፎች ሥር አቆመ። የሾፌሮቹ ማረፊያ በሩ ክፍት ነው፤ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። ስድስት ሰባት ሾፌሮች ሩዙን ከበው ይበላሉ። ቦታ ሰጡት። አንዱ፣ የሕግ ሚኒስትሩ ሾፌር ነኝ ያለ፣ ዛሬ ብዙ ሰው መጥቷል፣ እኛ ግን ዶሮ ነው የሰጡን፣ ባለፈው በግ ነበር ብሎ አማረረ።

በቴሌቪዥኑ ላይ ቁርአን መቀራት ጀመረ። ሾፌሮቹ እጃቸውን ከሩዙ አነሡ። ቀጥሎ የዜና አንባቢው ጥቁር ካባ ለብሶ ብቅ አለና ግርማዊነታቸው ዛሬ ጠዋት ማረፋቸውን ተናገረ። ቀጥሎ አዳራሹ ታየ። ልዑል ራካን ቆሟል። ከፊቱ ልዑል ዓዛም ቆመዋል፤ ከግራና ከቀኝ ሁለት መኮንኖች ክርናቸውን እንደ መደገፍ አድርገው ይዘዋቸዋል። ከኋላቸው አንድ ረጅም ሰው ይታያል። ልብሱ አዲስ ነው፤ እጅጌው ተቆልፏል።

ልዑሉ እጃቸውን ዘረጉ። የወንድማቸውን ልጅ እጅ ያዙ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ድምፁ ግን ተቆርጧል።

«አላህ ይባርክላቸው» አለ የሚኒስትሩ ሾፌር። «ተስማሙ። ደም አልፈሰሰም።»

ሌሎቹ አሚን አሉ። ጋሊብም አለ።

ወጣ። ጥላው ከመኪናዋ አፍንጫ ላይ ሸሽቷል። አስነሥቶ ወደ ጥላው ፈቀቅ አደረጋት። እዚያው ቁልፉን ይዞ ተቀመጠ። ካባ የለበሱት እየወጡ መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ። ጥላው እንደገና ሸሸ። እንደገና ፈቀቅ አደረጋት። ሌላ የሚሠራው ነገር አልነበረም። ወደ ውስጠኛው በር ሄዶ ጌታዬን እጠብቃለሁ አለ፤ ዘበኞቹ በትሕትና መለሱት። ሌላ በር ሞከረ። እዚያም በትሕትና መለሱት። የቴምሮቹ ጥላ ረዘመ፤ ከግንቡ ጥላ ጋር ተቀላቀለ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ጥላ ሆነ።

ፀሐይ ጠለቀች።

ኮሎኔል ዱኸይል እየተራመደ መጣና ከመኪናው ጎን ቆመ። ሲቪል ለብሷል። ደክሞታል።

«ጥሩ ሥራ» አለ።

«ንጉሡ የሞቱት መቼ ነው?»

«ቴሌቪዥኑ ዛሬ ጠዋት ይላል።»

«አንተን ነው የጠየቅሁህ።»

«እኔም የመለስሁልህ የቴሌቪዥኑን ነው።»

ጋሊብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለሳሉ ብለህ ነበር አለው። ኮሎኔሉ ልዑሉ እንግዳ ናቸው፣ ያርፋሉ፣ ሐኪምም መርፌም አለ አለ። ጋሊብ አንድ ጊዜ ብቻ ልያቸው አለ። ኮሎኔሉ ራሱን ነቀነቀ። ጋሊብ ቀረኝ የሚለውን የመጨረሻ ነገር ተናገረ። ሐርሻኖች ይነሣሉ። ዋሳቸው ተሰብሯል፤ ጠመንጃቸውን ይዘው እዚህ በር ላይ ይመጣሉ።

«አይመጡም» አለ ኮሎኔሉ። «አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃቸዋለህ። ፊቱን ማን ሰጠ? እኔ ሰጠሁ? ራካን ሰጠ? የሚፈልጉት ፊቱን የሰጠውን ሰው ነው። እስኪያገኙት ድረስ ሌላ ጠላት የላቸውም።» እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን።»

ጋሊብ ቁልፉን ሰጠው።

ኮሎኔሉ በምትኩ አዲስ መታወቂያ ሰጠው። ፎቶው የእሱ ነው፤ ጺሙ በፎቶው ላይ የለም። ስሙ ሃዲ ይላል። ከተማ፣ ወደብ። ሥራ፣ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ።

ከቢሮው ግቢ ያስወጡት ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው፤ መስታወቷ በጠቆረ መኪና የኋላ ወንበር ላይ፣ ጺሙ ተላጭቶ። በቤተ መንግሥቱ በር በኩል ሲያልፉ መኪናው ዝግ አለ። ከበሩ ፊት ሰው ቆሟል።

ሼኽ ጡራድ ነበሩ። ራሳቸው ባዶ ነው። የራስ ሻሻቸውን የሚያስሩበትን ጥቁር ገመድ አንገታቸው ላይ ጠምጥመዋል፤ በበረሃው ሰው ይህን የሚያደርገው ፊቱ ሲጠፋና ሲለምን ብቻ ነው። ዘበኞቹ ወንበር አምጥተውላቸዋል፤ አልተቀመጡም። የሚገባውን የሚወጣውን መኪና ሁሉ እያስቆሙ አንድ ነገር ይጠይቃሉ። ስለ ልዑሉ አይደለም።

ወደ ጥቁሩ መስታወት ጎንበስ አሉ። ፊታቸው ከጋሊብ ፊት አንድ ስንዝር ብቻ ይርቅ ነበር። ዓይናቸው ቀልቷል። በመስታወቱ ላይ የሚያዩት የራሳቸውን ፊት ነበር።

«ልጃችንን አይታችኋል?» አሉ። «ጋሊብ ይባላል። ምናልባት ገድለውት ይሆናል። ገድለውት ከሆነ ንገሩኝ፤ ከሞተ አልከዳም፣ ፊቱ ነጭ ነው።»

ጋሊብ እጁን ወደ መስኮቱ ማውረጃ ዘረጋ።

ቁልፉ አይሠራም። ከፊት ተቆልፏል።

መኪናው ሄደ።

ስለ ልዑል ዓዛም ከዚያ ወዲህ የሚወራ ነገር አልነበረም። ፎቶአቸው ከነዳጅ ማደያዎቹና ከትምህርት ቤቶቹ ግድግዳ ወረደ፤ በቦታው የራካን ተሰቀለ። አንዳንዱ በባሕሩ ዳር ባለ ቤት ይኖራሉ ይላል። አንዳንዱ ለሕክምና ውጭ ናቸው ይላል። ሚስታቸውና ልጆቻቸው ገዲር ናቸው፤ ሐርሻኖች አሁንም ድንኳናቸውን ይጠብቃሉ። ጦሩ አልሄደም። ኮሎኔሉ ይህን አንዱን ነገር አልዋሸም።

ሃዲ በወደቡ ፓምፕ ይጠግናል። እጁ በግሪስ ጠቁሯል። የሚያውቀው ሰው የለም፤ የሚጠይቀውም የለም። ክረምት ሲገባ አሠሪው በሰሜኑ ከተማ የተሰበረ ፓምፕ አለ ብሎ ላከው። በጋራ ሚኒባስ ተሳፈረ። ከጎኑ ዶሮ በካርቶን የያዘች አሮጊት ተቀመጠች፤ ከፊት ሁለት የመንገድ ሠራተኞች።

ወደ ገዲር የሚያስገባው መገንጠያ ላይ ሾፌሩ ቀዝቀዝ አደረገ።

መንገዶቹ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ረጅም እንጨት ተተክሏል። ጫፉ ላይ ጥቁር ጨርቅ አለ። ነፋሱ ዳር ዳሩን በልቶታል፤ ሰው ግን እየመጣ በአዲስ ክር ይሰፋዋል፤ ስፌቱ ይታያል። ሥሩ ላይ በኖራ በተቀባ ድንጋይ ላይ ስም ተጽፏል። ሃዲ ማንበብ አላስፈለገውም። የተከሉት ሐርሻኖች ራሳቸው ናቸው፤ ሬሳው ስላልተገኘ ከድቷል ብለው፣ በገዛ ልጃቸው ላይ።

ሥርዓቱን መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል። ጥቁር ባንዲራ ሥር የሚያልፍ ሰው ስሙን ጠርቶ ይረግማል፤ ዝም ብሎ ያለፈ ከከዳው ሰው ጋር ይቆጠራል።

«አላህ የጋሊብን ፊት ያጥቁረው» አለ ሾፌሩ።

«ያጥቁረው» አሉ ሠራተኞቹ።

አሮጊቷ ቆም ብላ አሰበች። እናት ካለችው ለእሷ አዝናለሁ አለች። ከዚያ እሷም ረገመች።

ቀጥሎ ሁሉም ወደ ሃዲ ዞሩ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየው። መኪናው ከባንዲራው ሥር ሊያልፍ ጥቂት ቀርቶታል፤ ሾፌሩም እግሩን ከነዳጁ ላይ አንሥቶ ይጠብቃል።

«አንተስ፣ ወንድሜ?» አለ። «ከየት ነህ? ሥርዓቱን አታውቅም?»

«ከወደብ ነኝ» አለ ሃዲ።

«እንግዲያው እንደ እኛ በል።»

እሱም አለ። ጮክ ብሎ፣ ቃሉን ሳያጎድል፣ ስሙን ከነአባቱ ከነጎሣው ጠርቶ አለ። አሮጊቷ ጭኑን መታ መታ አደረገችው። ሾፌሩ ነዳጁን ረገጠ።